ኮከብ ቀን ሲሆን፦ የቦረና የዘመን አቆጣጠርና የሥነ ቃል ንባባችን

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በአንዲት ተማሪዬ የመመረቂያ ጥናት ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም የጻፍሁት አስተያየት ነው። ተማሪዋ የተልተሌ ልጅ ናት። በወረዳው ካሉ የቦረና ሽማግሌዎች የሰበሰበቻቸውን የቃል ትረካዎች ወደ አማርኛ መልሳ እንዳይላት ሰጠችኝ። ከትረካዎቹ አንዱ ከብቶቹ የተበተኑበትን ሰው ታሪክ የሚናገር ነው። ሰውየው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከብት ፍለጋ ይወጣል፤ ሌሊት ይለያያሉ፤ ወንድሙ ሲመለስ እሱ ሳይመለስ ይቀራል። ተራኪው ነገሩን የጀመሩት፣ ቀኑ ቢታ ካራ እንደነበረና ጨረቃዋም ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት እንደነበር በመናገር ነው።

እኔ በኅዳጉ ላይ ሁለት ነገር ጻፍሁ። ቢታ ካራ ከሚለው ጎን «ለአንባቢ እንግዳ ቃል ነው፤ በ‹ከዕለታት አንድ ቀን› ይተካ» አልሁ። ጨረቃዋ ልትጠፋ ከሚለው ጎን ደግሞ «ውብ ተምሳሌት ነው፤ የምትጠፋው ጨረቃ የሰውየውን ሞት ታመለክታለች፤ በትንተናው ምዕራፍ ይስፋፋ» አልሁ። ተማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ ባያስቀይምዎ አንድ ነገር ልበል» አለች።

«ይሁን፣ በዪ» አልኋት።

«ሽማግሌው ጨረቃዋ ልትጠፋ ነበር ያሉት ነገሩን ለማሳመር አይመስለኝም። በዚያ ወር ቢታ ካራ ሁለት ጊዜ ይውላል። የትኛው እንደሆነ ሲነግሩን ነው።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ይበልጥ ያሳፈረኝ እኔም ልጅነቴን ያሳለፍሁት በዚያችው ተልተሌ መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት ይሞክራል። በመጀመሪያ እኛ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሰዎች ኮከብን እንዴት ማንበብ እንደለመድን ያሳያል። ቀጥሎ የቦረና የዘመን አቆጣጠር በጨረቃና በከዋክብት ላይ ተመሥርቶ እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። በመጨረሻም ይህን አለማወቅ በትርጉምና በትንተና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ከራሴ ሥራ በተወሰደ ምሳሌ ያመለክታል።

2. የለመድናቸው ሁለት አነባበቦች

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያደገ ሰው ኮከብ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀድሞ የሚታሰበው ዕጣ ነው። ኮከብ ቆጠራ ስንል ወደ ሰማይ አንጋጦ ከዋክብትን መቁጠር ማለታችን አይደለም። በዐውደ ነገሥት ሥርዓት የባለጉዳዩና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተምነው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ከተዘረዘሩት 12 ከዋክብት አንዱን ያመለክታል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እየተባሉ የሚዘልቁት ስሞች በዐረብኛ በኩል የመጡ ናቸው። ቆጣሪው ሌሊት ደጅ መውጣት አያስፈልገውም፤ በቀትርም ቤቱ ተቀምጦ ሊቆጥር ይችላል። «ኮከባቸው ገጠመ»፣ «ኮከባችን አይገጥምም» የሚሉት አነጋገሮች የዚህ ልማድ ውጤቶች ናቸው። በልቦለዶቻችንና በግጥሞቻችንም ኮከብ ሲወድቅ ወይም ሲጠፋ ብናነብ የባለታሪኩን ዕድል እንፈልጋለን።

ሁለተኛው ልማድ ስሌት ነው። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማትን ቀን ለመወሰን ፀሐይንና ጨረቃን ያስታርቃል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ያህል ሲሆን 12 የጨረቃ ወሮች ግን 354 ቀን ገደማ ብቻ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የ11 ቀን ልዩነት የአበቅቴ መሠረት ነው። ልዩነቱ በ19 ዓመት ዑደት እየተሰላ ይሄዳል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩም 30 ይሆናሉ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ሥርዓት ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ከዚህ ጎን መጽሐፈ ሄኖክ አለ። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ሲሆን የአራማይክ ቁርጥራጮቹ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት ሂደት ይናገራል፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን ስድስት ስድስት መስኮቶች ይዘረዝራል፤ የ364 ቀን ዓመትም ያስተምራል። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን የሥነ ፈለክና የባሕረ ሐሳብ ጽሑፎች ሲመረምር በሰፊው የተመለከተው ይህን ወግ ነበር።

ዐውደ ነገሥትም ባሕረ ሐሳብም የጽሕፈት ውጤቶች ናቸው። አንዱ ኮከብን ከስም፣ ሌላው ጨረቃን ከቁጥር ያገኛታል። እኛም ኮከብን በወረቀት ላይ ማግኘት ስለለመድን፣ በየሌሊቱ በዓይን እየታየ የሚቆጠር ዘመን ሲገጥመን ለይተን ለማወቅ እንቸገራለን። የቦረና አቆጣጠር ደግሞ እንዲህ ያለው ነው።

3. ጨረቃ፣ ሰባት ከዋክብትና 27 ስሞች

በተልተሌ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ስማቸው ራሱ ጊዜ ይናገር ነበር። ጉዮ ቀን የተወለደ፣ ገልገሎ ሲመሽ የተወለደ፣ ሀለኬ ሌሊት የተወለደ ነው። ሮባ በዝናብ፣ ቦናያ በበጋ ተወልደዋል። እኔ ግን እነዚህን ስሞች በትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ላይ እንደማንኛውም ስም ስሰማቸው ኖርሁ።

ቦረና ዓመቱን በአራት ወቅቶች ይከፍላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው የዝናብ ወቅት ገና፣ ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት አዶሌሳ፣ አጭሩ የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ሀገያ፣ ረጅሙ በጋ ቦና ይባላል። ለከብት አርቢ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ወርንና ቀንን በትክክል የሚቆጥሩት ግን አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች ናቸው። ዕውቀታቸው በቃል የተያዘ ነው፤ ሌሊት ሰማዩን አይተው ዛሬ የትኛው ወር፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ይህን ሥርዓት ለውጭው ዓለም ምሁራን በሰፊው ያስተዋወቀው አስመሮም ለገሠ ሲሆን፣ ስለ ገዳ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ስሞች በመሠረቱ እሱ የመዘገባቸው ናቸው።

ወሮቹ 12 ናቸው፤ እነሱም ቢቶቴሳ፣ ጫምሳ፣ ቡፋ፣ ወጨበጂ፣ ኦቦራ ጉዳ፣ ኦቦራ ዲቃ፣ ቢራ፣ ጭካዋ፣ ሰደሳ፣ አብራሳ፣ አማጂና ጉራንደላ ይባላሉ። እያንዳንዱ ወር የጨረቃ ወር ስለሆነ 29 ወይም 30 ቀን አለው። ሳምንት የሚባለው የሰባት ቀን ክፍል በዚህ አቆጣጠር ውስጥ ቦታ የለውም። በምትኩ ቀኖቹ የየራሳቸው ስም አላቸው። ይህም የቀን ስም አያና ይባላል። የአያና ስሞች 27 ናቸው፦ ቢታ ካራ፣ ቢታ ላማ፣ ሶርሳ፣ አልጋጂማ፣ አርብ፣ ዋላ፣ በሳ ዱራ፣ በሳ ባሎ፣ ጨረዋ፣ መገናቲ ጃራ፣ መገናቲ ብሪቲ፣ ሰልባን ዱራ፣ ሰልባን ባላ፣ ሰልባን ዱላቻ፣ ገርደዱማ፣ ሶንሳ፣ ሩሩማ፣ ሉማሳ፣ ጊዳዳ፣ ሩዳ፣ አሬሪ ዱራ፣ አሬሪ ባሎ፣ አዱላ ዱራ፣ አዱላ ባሎ፣ ገርባ ዱራ፣ ገርባ ባላ፣ ገርባ ዱላቻ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም 12ኛውን ቀን ሚካኤል፣ 19ኛውን ገብርኤል፣ 21ኛውን ማርያም እያልን በስም እንጠራለን። «ለሚካኤል እመጣለሁ» ያለ ሰው ቀጠሮ መስጠቱን የማይረዳ የለም። ልዩነቱ የእኛ 30 ስሞች ከ30 ቀን ወር ጋር እኩል ስለሆኑ እያንዳንዱ ስም ቦታውን አለመልቀቁ ነው። የቦረና 27 ስሞች ግን ከወሩ ያንሳሉ።

ለምን 27 ሆኑ? ጨረቃ ዛሬ ማታ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ብትታይ፣ ዞራ ወደዚያው ኮከብ የምትመለሰው ከ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው አዲስ ጨረቃ ያለው ጊዜ ግን 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ጨረቃ ዙሯን በምትፈጽምበት ጊዜ ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስለተጓዘች፣ ጨረቃ ፀሐይን ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል መጨመር ይኖርባታል። እንግዲህ ወሮቹ የጨረቃንና የፀሐይን ግንኙነት ሲከተሉ፣ የአያናዎቹ ቁጥር ጨረቃ በከዋክብት መካከል ከምትፈጽመው ዙር ጋር ይስማማል።

ከዚህ የተነሣ የስሞቹ ዙር ከወሩ ጋር እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንድ ወር በቢታ ካራ ቢገባ፣ 29 ቀን ከሆነ ቀጣዩ ወር በሶርሳ፣ 30 ቀን ከሆነ ደግሞ በአልጋጂማ ይገባል። በ354 ቀን ዓመት ውስጥ 27ቱ ስሞች 13 ጊዜ ዞረው 3 ቀን ይተርፋል። በእያንዳንዱ ወር ውስጥም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀኖች ስም በወሩ መጨረሻ እንደገና ይመጣል። በቢታ ካራ የገባ ወር በ28ኛው ቀኑ ሌላ ቢታ ካራ አለው። ስለዚህ ቢታ ካራ ነበር ብሎ ማቆም አይበቃም፤ የፊተኛው ነው ወይስ የኋለኛው የሚለው መለየት አለበት። የፊተኛው ሲሆን ጨረቃ ገና የወጣች ቀጭን ናት፤ የኋለኛው ሲሆን ልትጠፋ ጥቂት ይቀራታል። ተማሪዬ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር።

ወሮቹ ራሳቸው የሚለዩት በከዋክብት ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ሰባት ከዋክብት ወይም የከዋክብት ስብስቦች ናቸው። ላሚ በሥነ ፈለክ ሦስት ማዕዘን የሚባለው ስብስብ ነው። ቡሳን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሰባቱ ከዋክብት የሚለው ነው። በካልቻ አልደባራን፣ አልጋጂማ ቤላትሪክስ፣ አርብ ገዱ የኦሪዮን መካከለኛ ክፍል፣ ኡርጂ ዋላ ሳይፍ፣ በሳ ደግሞ በሌሊቱ ሰማይ ካሉት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ናቸው። በአስመሮም ገለጻ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች አዲሷ ጨረቃ ከእነዚህ ከዋክብት ጋር በየተራ ትገናኛለች፤ በቢቶቴሳ ከላሚ፣ በጫምሳ ከቡሳን እያለች እስከ በሳ ትዘልቃለች። በቀሩት ስድስት ወሮች የሚታየው ላሚ ብቻ ነው። በቢራ ጨረቃ ከላሚ ጋር ስትገናኝ ሙሉ ናት፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ስትገናኝ እያነሰች ሄዳ በጉራንደላ ቀጭን ማጭድ ትሆናለች። ከዚያም ዓመቱ ይገባል።

አንባቢ ከቀን ስሞቹ መካከል ሶርሳ፣ አልጋጂማ፣ አርብ፣ ዋላና በሳ የሚሉትን ልብ ይሏል። የከዋክብት ስሞችም ናቸው፤ ሶርሳ የአልደባራን ሌላ ስም ነው። ስለሆነም በቦረና ትረካ ውስጥ በሳ የሚል ቃል ቢገጥመን ኮከቡን ወይም ቀኑን ሊያመለክት ይችላል። በካልቻም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በሌላው የኦሮምኛ ተናጋሪ አካባቢ በዚህ ስም የሚጠራው የአጥቢያ ኮከብ፣ ማለትም ቬነስ ነው። መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ የተነሣ ተርጓሚ አንዱን ሰማይ በሌላው ሊተካ ይችላል።

4. «መገናኘት» የሚለው ቃል ያስነሣው ክርክር

ከላይ ጨረቃ ከኮከብ ጋር «ትገናኛለች» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ተጠቅሜያለሁ። አንባቢ ያለጥርጣሬ አልፎት ይሆናል። ነገር ግን ይህ አንድ ግሥ ምሁራንን ብዙ አከራክሯል።

ችግሩ እንዲህ ነው። የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ ከ5 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ከሰባቱ መካከል ጨረቃ በእርግጥ ተጠግታ የምታልፋቸው ቡሳንና በካልቻ ናቸው። ላሚ ከዚያ መንገድ ወደ ሰሜን 20 ዲግሪ ያህል ይርቃል። በሳ ደግሞ ወደ ደቡብ 40 ዲግሪ ያህል የራቀ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን ጡጫችንን ብንጨብጥ ከ10 ዲግሪ የሚቀራረብ ስፋት ይሸፍናል፤ ጨረቃና በሳ እጅግ በተቃረቡበት ሌሊት እንኳ በመካከላቸው ከሦስት ጡጫ በላይ ርቀት አለ። እንግዲህ «ተገናኙ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሎረንስ ዶይል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መገናኘት ማለት ጨረቃና ኮከቡ በአድማስ ላይ በአንድ ቦታ መውጣታቸው ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ከዛሬው ሰማይ ጋር ስላልተስማማለት የከዋክብቱን ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 300 ዓመት መልሶ አሰላ። ክላይቭ ረግልስ በ1987 ይህን ተቃወመ። ማርኮ ባሲ ደግሞ በ1988 ባሳተመው የመስክ ሪፖርት ጥያቄውን ወደ ቦረና አዋቂዎች ዘንድ ወሰደው።

ዶይል ያንን ዘመን ሲመርጥ ከአስተሳሰቡ ጀርባ አንድ ሌላ ጥናት ነበር። ሊንችና ሮቢንስ በ1978 በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ፣ ናሞራቱንጋ በተባለ ቦታ የሚገኙ 19 የድንጋይ ዓምዶች ወደ እነዚሁ ሰባት ከዋክብት መውጫ ያመለክታሉ ብለው ጽፈው ነበር። ልኬቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ሲወሰድ ድምዳሜው አጠያያቂ ሆነ።

የሥነ ፈለኩን ክርክር ለባለሙያዎቹ ልተወው። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ገጽታው ነው። አንድ የቃል ሰው የተናገረው ግሥ በባዕድ ቋንቋ ተተረጎመ፤ ትርጉሙ ቴክኒካዊ ቃል ሆነ፤ ቴክኒካዊው ቃል ስሌት ጠየቀ፤ ስሌቱ አልገጥም ሲል ሰማዩ ከ2000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቃሉ በአዋቂዎቹ አፍ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ የመጣው በመጨረሻ ነው። ተርጓሚ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ቅደም ተከተል ነው።

በባሕረ ሐሳብ ያየነው የ11 ቀን ልዩነት እዚህም መኖሩን መጨመር ያስፈልጋል። 354 ቀን ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ወሮቹ በየዓመቱ ከከዋክብቱ በ11 ቀን ይቀድማሉ፤ በሦስት ዓመት ገደማ አንድ ወር ሙሉ ያፈነግጣሉ። አስመሮም ቦረናዎች ወር አይጨምሩም ብሎ ነበር፤ ሆኖም ወር የሚታወቀው በኮከብ ከሆነ፣ ኮከቡ ሳይደርስ ወሩ ገብቷል ሊባል ስለማይችል እርማት የግድ ይሆናል። የባሕረ ሐሳቡ ሊቅ በአበቅቴ አስልቶ የሚያስታርቀውን፣ አያንቱ ቀና ብሎ በማየት ያስታርቀዋል ማለት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በአንድ ችግር ላይ በየፊናቸው ሲሠሩ ኖረዋል።

5. ቀናቸውን ያጡ ትረካዎች

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በ1998 ዓ.ም. በተልተሌ ዙሪያ 14 የቃል ትረካዎችን በካሴት ቀድቼ ነበር። ተማሪዬ ከሄደች በኋላ ያንን ጥናት ከመደርደሪያ አውርጄ አነበብሁት። ከ14ቱ ዘጠኙ በአማርኛ ትርጉሜ «ከዕለታት አንድ ቀን» ብለው ይጀምራሉ። ተራኪዎቹ እንዲህ አላሉም። የአያና ስም ነበር የሚጠሩት። ያን ጊዜ ቃላቱ ስላልገቡኝ፣ አማርኛውም እንዲፈስልኝ ስለፈለግሁ፣ በምናውቀው የተረት መግቢያ ተካኋቸው።

ይህ የአንድ ሐረግ ስሕተት አይደለም። «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚለው አጀማመር ለአማርኛ አንባቢ ውል ነው፤ የሚከተለው ተረት ነው፣ መቼ ሆነ ብለህ አትጠይቅ ይለዋል። ተራኪዎቹ ግን መቼ እንደሆነ በመናገር ነበር የጀመሩት። አባ ገዳ ሥልጣን የሚይዘው በየስምንት ዓመቱ ስለሆነ ዘመኑ በአባ ገዳው ስም ይታወቃል፤ ወሩና አያናው ሲጨመርበት ነገሩ በጊዜ ውስጥ ቦታውን ይይዛል። እኔ ዘጠኝ ታሪኮችን ወስጄ ዘጠኝ ተረቶች አደረግኋቸው፤ ከዚያም በትንተናው ምዕራፍ፣ የአካባቢው ትረካዎች «ለጊዜ እምብዛም አይጨነቁም» ብዬ ደመደምሁ። ጥናቱ ጥሩ ማዕረግ አግኝቷል። ስሕተቱን ያየ ፈታኝ አልነበረም።

አንደኛው ትረካ ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ ነበር፤ ማን እንደቆፈረው፣ ማን ከማን ጋር እንደተስማማ ይናገራል። በቦረና የጉድጓድ ነገር የጨዋታ ወሬ አይደለም፤ ማን ቀድሞ ያጠጣል የሚለው ጉዳይ በእንዲህ ያለ ታሪክ ይደገፋል። በእኔ ትርጉም ስምምነቱ የተፈጸመው ከዕለታት አንድ ቀን ነው። ይህን ይዞ በሽማግሌዎች ፊት የሚቆም ሰው ምን ሊል ይችላል?

ላርመው ብዬ ካሴቶቹን ፈለግሁ። ያን ጊዜ ገንዘብ ስላልነበረኝ የጻፍሁትን ካሴት መልሼ ሌላ እቀዳበት ነበር። ስለ ጉድጓዱ የሚናገረው ድምፅ የለም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ተልተሌ ሄድሁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ድርቅ ቦረና ብዙ ከብት አጥቷል፤ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተነሥቷል። የተራኪውን ልጅ ግን አገኘሁት። አባቱ ከዐረፉ ቆይተዋል። ታሪኩን ከእኔ አሳምሮ ተረከልኝ፤ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደሆነም ነገረኝ። ወሩንና አያናውን ስጠይቀው ግን ራሱን ነቀነቀ። «እሱን አባቴ ነበር የሚያውቀው። ለአንተ ነግሮህ የለም እንዴ?» አለኝ።

የተማሪዬን ትረካም በዚህ መንፈስ እንደገና አነበብሁት። በ28ኛው ቀን ጨረቃ የምትወጣው ሊነጋ ሲል ነው፤ ሌሊቱ በሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የከብቱን ዱካ ማየት ያልቻሉት፣ እርስ በርሳቸውም የተጠፋፉት በዚህ ምክንያት ነው። ተራኪው ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ የታሪኩን ምክንያት ሰጥተውን ነበር። እኔ ግን ተምሳሌት ነው ብዬ ምክንያቱን ከታሪኩ አወጣሁት፤ ሰውየው የጠፋው ስለጨለመ መሆኑ ቀርቶ ጨረቃዋ ሞቱን ስላመለከተች ሆነ።

ይህን ስል በቦረና ትረካ ውስጥ ተምሳሌት የለም ማለቴ አይደለም። አያና ባዶ ቁጥር አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ጠባይ እንዳለው ይታመናል። ለከብት የሚስማማ ቀን አለ፤ ለሥርዓት የሚመረጥ ቀን አለ፤ የበኩር ልጅ ስም የሚወጣበት ጉቢሳም ቀን ተመርጦለት ይከናወናል። ተራኪው ቀኑን ሲጠሩ አድማጫቸው የቀኑንም ጠባይ ያስባል። የምለው ስለ ጥያቄዎቻችን ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ መቼ ነው? ቀጥሎ ያ ቀን ምን ዓይነት ሌሊት ነበረው? ከዚያ በኋላ ቀኑ በባህሉ ምን ጠባይ አለው? ተምሳሌት የምንለው ነገር ቢኖር እነዚህ ከተመለሱ በኋላ የሚመጣ ነው።

6. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው በመነሣት፣ በደቡብ ቆላማ አካባቢዎች የሥነ ቃል መረጃ ለሚሰበስቡ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአያና፣ የወርና የኮከብ ስም በትርጉም ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማብራሪያው ከሥር ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ተራኪው ጨረቃን ወይም ኮከብን ሲጠቅስ ሰብሳቢው በዚያው ቦታ ቀኑን ይጠይቅ፤ ተራኪው የማያውቅ ከሆነ አያንቱ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ይጠበቅ። የእኔ ዓይነት ተርጓሚ ያበላሸውን የሚያርመው እሱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በ2019 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰየሙ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሱት በአንድሮሜዳ ስብስብ ውስጥ ያሉ ኮከብና ፕላኔት ቡናና አቦል ተብለዋል። ሁለቱም ደስ ያሰኛሉ። ነገር ግን ለሩቁ ኮከብ አዲስ ስም ስናወጣ፣ ከተልተሌ ሰማይ በላይ ስም ኖሯቸው በትርጉማችን ስማቸውን ያሳጣናቸውን ከዋክብት ማስታወስ ይገባናል።

ተማሪዬ ጥናቷን አቅርባለች። ትረካው በመጀመሪያው መልኩ፣ ቀኑ ቢታ ካራ እንደነበረና ጨረቃዋ ልትጠፋ ጥቂት እንደቀራት በመናገር ይጀምራል፤ ከሥሩም አራት መስመር ማብራሪያ አለው። በረቂቁ ኅዳግ ላይ የነበረውን ቀይ ጽሑፍ እኔው ሰርዤዋለሁ።